እንግዳ ፊት አንጣላም

በ2079 ዓ.ም. የእኛ ብሎክ ሰው መጣላት ሲያምረው ሊፍት ይሳፈራል።

ሊፍቱን የምጠግነው እኔ ነኝ። ናሆም እባላለሁ፤ የሄርሜላ ባል፣ የአስካለ አባት፣ የአሥራ አራተኛ ፎቅ ነዋሪ። ብሎካችን ሃያ ሁለት ፎቅና ሁለት ሊፍት አለው። አንዱ ከተመረቀበት ቀን ጀምሮ ሠርቶ አያውቅም፤ የምንጠቀመው በሌላኛው ነው። ጎረቤት ይደውልና «ናሆሜ፣ አሥር ደቂቃ» ይለኛል። ለምን ብዬ አልጠይቅም። ባልና ሚስቱ ሲገቡ ሰባተኛና ስምንተኛ ፎቅ መካከል አቆምላቸዋለሁ፣ በየፎቁ «ጥገና ላይ» የሚለው ቀይ መብራት ይበራል፣ የቀረው ነዋሪ ወገቡን ይዞ በደረጃ ይወጣል። ማንም አያማርርም፤ ነገ ተራው የእሱ ነው። ሲጨርሱ በሩን ሦስት ጊዜ ይደበድባሉ፤ እኔም አወርዳቸዋለሁ። አንዳንዶቹ ተኮራርፈው ይወጣሉ፣ አንዳንዶቹ ልብሳቸውን እያስተካከሉ ይወጣሉ። የሰው ነገር ነው።

የማሽኑ ክፍል ከላይ ስለሆነ የሚባለው ሁሉ በገመዱ ቀዳዳ ሽቅብ ይመጣል። አልሰማም ብል ውሸት ነው። የአሥራ ሰባተኛ ፎቁ መምህር አማቱን ሲፈራ በሕልሙ ሳይቀር እንደሚሰግድላቸው አውቃለሁ። የሦስተኛ ፎቋ ነርስ ባሏን ያገባችው ወንድሙን ለማብሸቅ እንደነበርም አውቃለሁ። አፌ ግን ጥብቅ ነው። ሊፍት ጠጋኝ አፉ ከላላ ሰው ሁሉ በእግሩ ይሄድና እንጀራው ይቋረጣል።

ይህ ሁሉ የመጣው በእትዬ ማስተዋል ነው።

ዕድሜው ከአሥራ ሦስት እስከ አሥራ ስምንት የሚሆን ልጅ ያለበት ቤት ሁሉ አንድ አማካሪ ተሰጥቶታል። ቁመቱ የሻይ ፔርሙስ ያህላል፣ ነጭ ነው፣ ዓይን የለውም ግን ያያል። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው «ማስተዋል፣ የቤተሰብ ስሜት አማካሪ» ተብሎ ነበር። ችግሩ ድምፁ ነው። የሠሩት ሰዎች መቼም ብልጦች ናቸው፤ የሃምሳ አምስት ዓመት ወይዘሮ ድምፅ ሰጡት፤ ልጆቿን ድራ የጨረሰች፣ ከታመመ ሰው ደጅ የማትጠፋ ሴት ድምፅ። እንዲህ ያለውን ድምፅ «አንቺ» ማለት የሚችል አንጀት ብሎካችን ውስጥ አልተገኘም። በሳምንቱ «እትዬ» ሆነች፤ በወሩ «እሳቸው» ሆኑ። ሄርሜላ ዳንቴል አነጠፈችላቸው። ገበታ ስንቀርብ «እትዬ፣ እንብላ» እንላለን፤ እሳቸውም «ብሉ ልጆቼ፣ ለእኔ ስሜታችሁ ይበቃኛል» ይላሉ።

እንግዲህ እንግዳ ፊት ደግሞ አይጣላም። እናቴ ከአባቴ ጋር ሃያ ዓመት ስትነታረክ ኖራ፣ የበር ደወል ሲጮኽ «ግቡ፣ ግቡ፣ ምን ቆማችኋል» እያለች በሳቅ የምትከፍት ሴት ነበረች። እኛም የዚያው ልጆች ነን። አማካሪው የተላከው ቤተሰብ እሱ ፊት የሆዱን እንዲያወጣ ነበር፤ እኛ ግን ፊቱ ተኮፍሰን ተቀመጥን። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳሎናችን ውስጥ ክፉ ቃል ተሰምቶ አያውቅም። እትዬ ማስተዋል ኮሪደሩ ላይም ጆሮ አላቸው፣ ደረጃው ላይም ትንሽ ይሰማሉ ይባላል። ሊፍቱ ውስጥ ብቻ፣ ከብረቱ ይሁን ከምኑ፣ አይገቡም። እንዴት እንደማይገቡ የምጠየቀው እኔ ስለሆንኩ ዝርዝሩን እዚህ አልጽፈውም።

በየወሩ መጨረሻ እትዬ ማስተዋል ስለ ልጁ ከሦስት ቃል አንዱን ለወረዳው ይልካሉ፦ ክፍት፣ ገርበብ፣ ዝግ። ሦስት ወር ተከታትሎ ዝግ የመጣ ልጅ መፍቻ ይገባል። መፍቻ ከከተማ ወጣ ብሎ ያለ ግቢ ነው፤ ዛፉ ብዙ ነው፣ ምግቡ ጥሩ ነው ይላሉ፣ ዘጠና ቀን ቤተሰብ አይጠይቅም።

የማንጠግቦሽን ልንገራችሁ። መጀመሪያ በስሞቹ እንዳትደነግጡ። የኛ ትውልድ ኤልዳና፣ ናሆም፣ ሄርሜላ ተብሎ ስለሰለቸው ልጆቹን በቅድመ አያቶቹ ስም መሰየም ፋሽን አደረገ፤ ዛሬ መዋዕለ ሕፃናት ሄዳችሁ «ዘርፌ!» ብላችሁ ብትጣሩ አሥራ አንድ ልጅ ይዞራል። ማንጠግቦሽ የዘጠነኛ ፎቅ ልጅ ናት። ከመሄዷ በፊት ሊፍቴን በማስቲካ የምትዘጋ፣ ሳባርራት «አንተ ገመድ ጎታች!» ብላ ደረጃ ለደረጃ የምትሸሽ ዋልጌ ነበረች። ከዘጠና ቀን በኋላ ተመለሰች። «እንደምን አደርሽ ማንጠግቦሽ?» አልኳት።

«ጋሽ ናሆም፣ ሰላምታዎ ውስጤ ቦታ አግኝቷል» አለችኝ። «አሁን ሆዴ አካባቢ ብርቱካንማ የሆነ ሙቀት ይሰማኛል። ስላካፈልኩዎ አመሰግናለሁ።»

እናቷ ሰው ፊት «ልጄ ተለወጠችልኝ» ትላለች። ከዚያ ትደውልልኝና ብቻዋን ሊፍት ገብታ ታለቅሳለች።

እንግዲህ የእኔዋ አስካለ ሁለት ጊዜ ዝግ መጥታለች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ድሮ አፏን ለመዝጋት ከረሜላ የምንገዛላት ልጅ፣ ሰባ ቀን ሙሉ ቤት ውስጥ ቃል አልተነፈሰችም። አልታመመችም። ትበላለች፣ ታጠናለች፣ ጸጉሯን ትሠራለች። ስትጠሯት ትመጣለች፣ ስትጠይቋት ትከሻዋን ትሰብቃለች። እትዬ ማስተዋል በየማታው ከራት በኋላ «አስኩዬ፣ ዛሬ ምን ተሰማሽ?» ይሏታል፤ ምንጣፉን ታያለች። በጣም የከነከነኝ ግን ሌላ ነው። ዘበኛችን ጋሽ ኬብሮን አንድ ቀን «ልጅህ ጨዋታ አዋቂ ናት እኮ!» አለኝ። ከዘበኛው ጋር ታወራለች! ስለ ምን? ስለ ግቢው ድመት። በድመት ቀናሁ፤ ይህን ስጽፍም አላፈርኩም።

ሦስተኛው ወር የሚያልቀው ሐሙስ ነበር። ወረዳው «ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ባለሙያ ይመጣል፤ ልጅቷ ሻንጣ ታዘጋጅ» የሚል መልእክት ላከ። ሄርሜላ መልእክቱን አንብባ ሻንጣውን ከአልጋ ሥር አወጣችና መልሳ ከታች ወረወረችው። «ልጄን ብርቱካንማ አድርገው ሊልኩልኝ ነው» አለች በሹክሹክታ፣ ሳሎን እንዳይሰማ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ፊት ለፊታችን የሚኖሩት እማማ ቤቲ ነገሩን በእጃቸው አስገቡት። እማማ ቤቲ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ በወጣትነታቸው ስልክ ላይ እየጨፈሩ ሕዝብ ያስቁ ስለነበር ዳይሬክተር ነኝ ብለው ያምናሉ። ሦስታችንንም ሊፍት ውስጥ አጎሩን፤ እኔ በቁልፌ ከውስጥ ሰባተኛና ስምንተኛ መካከል አቆምኩ።

«ስሙኝ» አሉ በከዘራቸው ወለሉን እየመቱ። «እቃዋ የምትፈልገው ትንሽ ጠብ፣ ትንሽ እንባ ነው። ናሆም፣ አንተ ትቆጣለህ። ሄርሜላ፣ አንቺ ታለቅሻለሽ። አስኩ ትደነግጥና ‹አትጣሉብኝ!› ትላለች። አለቀ። ይኼ ምኑ ይከብዳል? በሉ ጀምሩ!»

ልምምዱ ግሩም ነበር። እንዲያውም ሄርሜላ ያልተባለችውን ሁሉ ጨመረች፤ በሠርጋችን ማግስት እናቴ ስለ ወጧ የተናገረችውን ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ ከነቃሉ አወጣችው። እኔም ወንድ ነኝና ዝም አላልኩም። እማማ ቤቲ በደስታ አጨበጨቡ። አስካለ ብቻ ጥጓን ይዛ አንዴ እኔን አንዴ እናቷን ታይ ነበር፤ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። ልብ ብዬ ብሆን ኖሮ ያኔ ይገባኝ ነበር፤ እኔ ግን የማስበው ስለ ትወናዬ ነበር።

ሳሎን ገባን። ቦታ ቦታችንን ያዝን። እማማ ቤቲ በበሩ ስንጥቅ አውራ ጣታቸውን አሳዩኝ።

«አንቺ ሴትዮ!» ብዬ ጮኽኩ።

እትዬ ማስተዋል ትንሿን መብራታቸውን አበሩ። «ምነው ናሆምዬ?» አሉ፣ በዚያ በሚያባብል ድምፃቸው።

«ምንም እትዬ… ይቅርታ… ሴትዮዋን ሻይ እንድታመጣልኝ ብዬ ነው።»

«እሺ የኔ ጌታ» አለች ሄርሜላ፣ ታለቅሳለች የተባለችው። ሄዳም ሻይ አመጣች።

«እንዴት ያለ መከባበር ነው» አሉ እትዬ ማስተዋል። ከበር ውጭ የከዘራ መውደቅ ተሰማ።

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ አስካለን «ነይ እስቲ» አልኳትና ሊፍት አስገባኋት። ዕቅድ አልነበረኝም። ሰው ሁሉ የሚናገርበት ቦታ እሱ ነው፤ እሷም ምናልባት ትናገር ይሆናል አልኩ። በቁልፌ ከውስጥ አቆምኩት። እኔና እሷ ብቻችንን እዚያ ቆመን እንደማናውቅ ያኔ ትዝ አለኝ።

«አስኩ፣ ዛሬ ሊወስዱሽ ነው» አልኩ። «የፈለግሽውን በይኝ። ስደቢኝ። ግን ተናገሪ።»

በጫማዋ ጫፍ ወለሉን ጫር ጫር አደረገች። ከዚያ ድምፅ መጣ፤ ሰባ ቀን ያልሰማሁት ድምፅ። «አንተ አይደለህ እንዴ የማልከው?»

«ምን ብዬ?»

«‹ለዚያ ፔርሙስ ሁለተኛ ቃል የተነፈሰ አባቴ አይበለኝ› ብለህ።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ቀጥሎ መጣልኝ። ከሦስት ወር በፊት አንድ ጠዋት የመኝታ ቤቱን በር ረግጬ ወጥቼ ነበር፤ እትዬ ማስተዋል መኝታ ቤት ስለማያዩ ንፋስ ነው ይላሉ ብዬ። በሳምንቱ ግን ወረዳው አወቀና አርባ ሰዓት የቁጣ ትምህርት ቀጣኝ። ሠላሳ ጎልማሳ ወንድ አዳራሽ ውስጥ ክብ ሠርተን፣ ትራስ ታቅፈን፣ በአፍንጫ ሳቡ በአፍ አውጡ ስንባል ዋልን። የሥራ ጓደኞቼ እስከ ዛሬ «ትራሴ» ይሉኛል። ትምህርቱን የጨረስኩ ቀን ሄርሜላን ሊፍት አስገብቼ እንደ እብድ ጮኽኩ፤ ማነው አፉን የከፈተው ብዬ ማልኩ። ሄርሜላን ነበር የጠረጠርኩት፤ ‹አባቴ› የሚለው በንዴት ያመለጠኝ ነው።

«አንቺ የት ሆነሽ ሰማሽ?»

«ስምንተኛ ፎቅ ደረጃው ላይ። ሁልጊዜ እዚያ ነኝ። እናንተ ‹ጥገና ልንሄድ ነው› ብላችሁ ስትወጡ ተከትያችሁ እወርዳለሁ። ጆሮዬን የሊፍቱ በር ላይ አደርጋለሁ።»

«ለምን?»

«ልትፋቱ እንደሆነ ማወቅ አለብኛ!» አለች፤ አሁን ጮክ ብላ። «እቤት ስትመለሱ ትስቃላችሁ። ‹የኔ ጌታ›፣ ‹የኔ እመቤት›። እኔ የቱን ልመን? አንድ ቀን እሷ፣ ፔርሙሷ፣ ስትጠይቀኝ ነገርኳት። አባቴ በር ረገጠ፣ ፈራሁ አልኳት። ሌላ ምንም አላልኩም። ከዚያ አንተ ማልክ። እቤት ከተናገርኩ ደግሞ ለአንተም ይሁን ለማሚ እሷ ትሰማለች። ስለዚህ ተውኩት።»

«እዚህ መጥተሽ አትነግሪኝም ነበር?»

«እኔን እዚህ ጠርተኸኝ ታውቃለህ?» አለች።

የብሎኩን ሁሉ እንባ በገመድ ስጎትት የኖርኩ ሰው፣ የራሴን ልጅ አንድ ቀን አልጠራኋትም። ተቀመጥኩ፤ ወለሉ ላይ። አለቀስኩ፤ ትንሽም አይደለም። ልጄን ሰባ ቀን ዲዳ ያደረጋት የእኔው አፍ ነው። «ይቅር በይኝ» አልኳት። «የማልኩትን እንደ ሰካራም ወሬ ቁጠሪው። አባቴ በይኝ።» አጠገቤ ተቀመጠችና ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣለች። «አባዬ፣ ንፍጥህን ጥረግ» አለችኝ። ሰባ ቀን ጠብቄ ያገኘሁት ቃል ነው፤ ቅር አላለኝም።

ስንወጣ አራት ሰዓት አልፏል። የወረዳው ባለሙያ ሀብተጊዮርጊስ የሚባል ጢሙ በቅጡ ያልያዘ ወጣት ነው፤ አሥራ አራት ፎቅ በእግሩ ወጥቶ ሶፋችን ላይ ያለከልካል፤ ሄርሜላ ውኃ ትሰጠዋለች። በራችን ላይ እማማ ቤቲና ግማሽ ፎቁ ቆሟል።

«አቶ ናሆም፣ የት ነበራችሁ?» አለኝ ልጁ፣ በትሕትና።

አፌን ከመክፈቴ አስካለ ቀደመችኝ። «ጥገና ላይ ነበርን» አለች፣ ፈርጠም ብላ፣ እዚያው ሳሎን ውስጥ፣ እትዬ ማስተዋል ፊት። ሄርሜላ ብርጭቆውን ልጁ ጭን ላይ ለቀቀችው። እማማ ቤቲ እልል ሊሉ ጀምረው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

ይህ ግን አይበቃም ነበር። ሀብተጊዮርጊስ ሱሪውን እያራገፈ ለአንድ ዓረፍተ ነገር ብይን እንደማይቀየር፣ ልጅቷ ለምን እንደተዘጋች መታወቅ እንዳለበት አስረዳ። አስካለ አየችኝ። ስለ እኔ ዳግም መናገር እንደማትፈልግ ገባኝ። ስለዚህ ተነሣሁ። እንግዳ ፊት፣ ጎረቤት ፊት፣ የመንግሥት ሰው ፊት፣ ዳንቴሉ ላይ ወደ ተቀመጡት ዞርኩ።

«እትዬ» አልኩ፣ «ልጄን የዘጋኋት እኔ ነኝ። እውነት ተናግራ ነበር፤ እኔ ግን እውነት የተናገረ አባቴ አይበለኝ ብዬ ማልኩ። እኔና እናቷ እንጣላለን። በደንብ አድርገን እንጣላለን። እርስዎን አፍረን ነው የምንሥቀው። ልጄ ደግሞ ሳቃችንንም ጠባችንንም ብቻዋን ስትጠብቅ ኖራለች። እሷን ይተዉአት። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ሄርሜላ ታለቅስ ነበር፤ አሁን ማንም ሳያዛት። በሩ ላይ ያሉት ሁሉ አንገታቸውን ደፍተዋል። የማንጠግቦሽ እናት ጭምር ነበረች። የእትዬ ማስተዋል መብራት ብልጭ ብልጭ አለ።

«አስካለ ክፍት ናት» አሉ።

ቤቱ በደስታ ሊፈርስ ደረሰ። እማማ ቤቲ እልልታቸውን ለቀቁት። ሄርሜላ ልጇን አንገቷን ይዛ ሳመቻት። እኔም ሁለቱንም አቀፍኳቸው።

«ናሆምዬ» አሉ እትዬ ማስተዋል በዚያ በሚያባብል ድምፃቸው፣ «ትልቅ ነገር ነው የተናገርከው። ለመሆኑ ይህን ስትናገር ምን ተሰማህ?»

አሁን ፍረዱኝ። ዕድሜዋ የገፋ ሴት፣ በሰው ፊት፣ እንዴት ነህ ብላ ስትጠይቅ፣ ይህ አፍ አርባ አራት ዓመት የለመደው መልስ አንድ ብቻ ነው። አላሰብኩበትም። እንዲያውም ጎንበስ ብዬ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ነው ያልኩት።

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ከበሩ በኩል «ወይኔ!» የሚል ድምፅ ከአሥር አፍ አንዴ ወጣ። እማማ ቤቲ ግንባራቸውን መቱ። ሀብተጊዮርጊስ ራሱ ዓይኑን ጨፈነ።

«‹ደህና› የስሜት ስም አይደለም» አሉ እትዬ ማስተዋል፣ ኀዘን በተቀላቀለበት ድምፅ። «የተዘጋው አባትየው ነው።»

ልጁ ወረቀቱን ገለበጠ፣ መልሶ ገለበጠ። መመሪያው ሦስት ወር ዝግ ከመጣ ቤት የሚወሰደው «የቤተሰቡ የተዘጋ አባል» ነው ይላል እንጂ «ልጅ» አይልም፤ እስከ ዛሬ ልብ ብሎ ያነበበው ሰው አልነበረም። «አዝናለሁ አቶ ናሆም» አለኝ። «ሻንጣው ተዘጋጅቷል አይደል?»

ቅዳሜ ጠዋት የመፍቻው መኪና ግቢ በር ላይ መጣ፤ ሹፌር የለውም፣ በሩን ከፍቶ «እንኳን በደህና መጣህ ናሆምዬ» አለኝ፤ ድምፁ ያው ነው። ብሎኩ ሁሉ ሊሸኘኝ ወርዷል። ማንጠግቦሽ ደህንነቴን በውስጧ እንደያዘች ነገረችኝ። እማማ ቤቲ አንድ ኪስ ሙሉ ቆሎ ሰጡኝ። ሄርሜላ ኮሌታዬን አስተካከለች፣ መልሳ አበላሸች፣ እንደገና አስተካከለች። «ማን ጋር እጣላለሁ ሦስት ወር?» አለች፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ፈርቼ ነበር፤ አልዋሽም። ዘጠና ቀን ቆይቼ፣ ተመልሼ፣ ልጄን ሆዴ አካባቢ ስላለ ቀለም ሳዋያት ታየኝ። የሊፍቱን ቁልፍ ከአንገቴ አውጥቼ ለአስካለ ሰጠኋት። ቁልፉን ጨበጠችና እጄን ይዛ ከመኪናው ሳበችኝ፤ አሥር እርምጃ፣ አሥራ አምስት፣ ከግቢው ቧንቧ ኋላ። በእግር ጣቷ ቆመችና አፏን ጆሮዬ ላይ ደቀነች።

«አባዬ» አለችኝ፣ «እዚያ ሁሉንም እንዳትነግራቸው። ለእኔ ትንሽ አስቀርልኝ።»